ከአስታማሚዋ የተቀዳው ደም

ከደጀን የመጣው ሚኒባስ ድረስን ከሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርደው የደብረ ማርቆስ ጠዋት ገና ብርዱ አልለቀቀም ነበር። ሁለት ተሳፋሪዎች አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ይዘው፣ ጋቢው መሬት እየጠረገ ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገቡት። ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እዚያ ያለውን ሰው አልነበረም። አፉም አላረፈም። የቅኔ ተማሪ ነውና በግእዝ ይጀምራል፣ መሀል ላይ ያቋርጣል፣ ወዲያው ደግሞ መምህሩን እየጠራ "ይማሩኝ፣ የቅኔው ቤት ጠፋብኝ" እያለ ይለምናል።

እህቱ የብርጓል ከኋላው ተከትላ ገባች። የወንድሟን የዳዊት ማኅደር በትከሻዋ አንግታለች፤ የሁለቱንም ልብስ የያዘ ማዳበሪያ በእጇ አንጠልጥላለች። እግሯ እስከ ባቷ የበረሃ አቧራ ለብሷል።

"ከየት ነው የመጣችሁት?" አሉ ዶክተር አምደሚካኤል፣ የድረስን የዓይን ቆብ ገለጥ እያደረጉ።

"ከዓባይ በረሃ። የማሽላ እርሻ አለን። እሱ ደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት ነው የሚማረው። ዘንድሮ ሊያግዘኝ ብሎ ወረደ፤ ቆላ አያውቅም፣ ወዲያው ጣለው።"

"መድኃኒት ወስዷል?"

"ከጤና ኬላው ሰጥተውት ውጧል። ግን ያስመልሰዋል።"

"አንቺስ? አላመመሽም?"

"እኔማ በየዓመቱ እወርዳለሁ፤ በረሃው ለምዶኛል" አለችና ፈገግ አለች።

ዶክተር አምደሚካኤል በዚያ ሆስፒታል ያረጁ ሰው ናቸው። ወባን እንደ ክፉ ጎረቤት ያውቋታል፤ በየትኛው ወር እንደምትመጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትወጣ፣ ማንን ቀድማ እንደምትነካ። ድረስን አልጋ አስይዘው አርቴሱኔት የተባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥሩ እንዲሰጠው አዘዙና ወደ ሌላው ሕመምተኛ አለፉ። በዚያ ጥቅምት አልጋው ሁሉ ሞልቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ከበረሃው የሚወጣ ሰው አልተቋረጠም።

ሔዋን የመጣችው ያኔ ነው። በላብራቶሪው አንድ ጥግ፣ በመጋረጃ በተከፈለች ክፍል ውስጥ የምትሠራ የጥናት ባለሙያ ናት። የምትፈልገው የወባውን ተውሳክ አልነበረም፤ እሱንማ ሌሎቹም በአጉሊ መነጽር ያዩታል። እሷ የምትፈልገው በሽታው ወዴት እንደሚያመራ የሚናገር ምልክት ነው። ተውሳኩ የገባባቸው የደም ሕዋሳት በቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ሲሸሸጉ፣ ግድግዳው ይጎዳል። ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቃት አንዲት ፕሮቲን አለች። ሰውየው ገና ቆሞ እየሄደ፣ ገና እየሳቀ፣ እሷ ከፍ ትላለች። ጥናቱ ይህንን በትንሽ ማሽን ለክቶ፣ ማን እንደሚወድቅ ሳይወድቅ ማወቅ ይቻል እንደሆነ የሚፈትሽ ነበር።

ሔዋን በዚህ ሥራ የጸናችው በአንድ የእህል ነጋዴ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት በእግሩ መጥቶ፣ ከነርሶቹ ጋር ቀልዶ፣ ደሙ ተመርምሮ ጥቂት ተውሳክ ብቻ ስለታየበት ኪኒን ተሰጥቶት ወጣ። ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ቀና አላለም። ማንም ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር የተሠራው። ሔዋንን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ከድረስ ደም ከቀዳች በኋላ ወደ እህቱ ዞረች።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። የታመሙትን ከጤነኛ ሰው ጋር ማነጻጸር አለብን። ፈቃድሽ ከሆነ ትንሽ ደም ብትሰጪኝ? ካልፈለግሽም ምንም አይደል።"

"ለእሱ ይጠቅመዋል?"

"ለእሱ እንኳ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ነው።"

የብርጓል እጅጌዋን ሰበሰበች። "ውሰጂ እንግዲህ። ከበረሃ ከወጣ ሰው ከላብና ከአቧራ ሌላ ነገር ካገኘሽ ንገሪኝ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሔዋን ሙቀቷን ለካች፤ ደህና ነበር። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ የሚል ነገር እንዳለ ጠየቀቻት፤ ሁሉንም "የለም" አለች። የብርጓል ደጀን ላይ ለወንድሟ ከገዛችው ፓራሲታሞል ራሷም መዋጧን ግን ሔዋን አላወቀችም። ያስተዋለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክንዷን በላስቲክ ስታስር የልጅቱ እጅ በጣም ቀዝቃዛ ነው። የደጋው ብርድ ነው ብላ አለፈችው።

ድረስ አልጋው ላይ እንደገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ቅኔ መዝረፍ ጀመረ። የሌሎች ሕመምተኞች አስታማሚዎች ዙሪያውን ከበቡት። አንዱ ሽማግሌ "ይኼ ልጅ ተርፎ ቢሆን ትልቅ ሊቅ ይወጣው ነበር" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ገና ያልሞተውን ሰው። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነበር።

ሔዋን ናሙናዎቹን ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ስትመለስ የወንድምየው ውጤት ከጠበቀችው ዝቅ ብሎ አገኘችው። ትኩሳቱ አእምሮውን አናውጦታል እንጂ የደም ሥሮቹ ገና ብዙ አልተጎዱም። ደስ አላት። የጤነኛዋን ስታይ ግን ቆመች።

ቁጥሩ በጥናቱ ካየቻቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ ያሰበችው ናሙናዎቹን እንዳቀያየረቻቸው ነው። በብልቃጦቹ ላይ የተጻፈውን መለያ አየች፤ ትክክል ነው። ማሽኑን አጽድታ እንደገና አስገባች። ያው። ከዚያ ከየብርጓል ደም አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አፍስሳ፣ በቀለም ነክራ፣ በአጉሊ መነጽር ተመለከተች። ብዙ ፈልጋ ነው ተውሳኩን ያገኘችው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ጥቂት ነበሩ። የነጋዴውም እንደዚያ ነበር።

ሮጣ ወደ ክፍሉ ስትገባ ከድረስ አልጋ ሥር ማዳበሪያው ብቻ ተቀምጧል። የብርጓል የለችም።

"እናቴን ላምጣት ብላ ወጣች" አለች በአጠገቡ ያለውን ሕመምተኛ የምታስታምም ሴት። "ቁይ ነው ቤታቸው አሉ። ስልክ ብትደውል እንቢ አላት፤ ኔትወርኩ ጠፍቷል። 'ወንድሜ እናቱን ሳያይ እንዳይሞት' ብላ ሰሞኑን መንገድ እየተዘጋ ነውና ሳይዘጋ ልድረስ ብላ ሄደች። ልጁን አደራ ብላኛለች።"

ሔዋን ዶክተር አምደሚካኤልን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ውጤቱን ነገረቻቸው። ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩ።

"ተውሳኩ ጥቂት ነው አልሽ። በእግሯ ነው የሄደችው። ማሽንሽ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ይህንን አንቺም ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ ዶክተር። ስህተት ቢሆን ደስ ይለኛል።"

ወረቀቱን መለሱላት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መስታወቱ ላይ አንድም ተውሳክ ቢታይ መታከም አለባት፤ ለዚያ ማሽን አያስፈልገኝም። አምቡላንሱ ወጥቷል፤ እኔ ከዚህ መንቀሳቀስ አልችልም። መኪና ካላችሁ ሂጂ" አሉ። ጥቂት እንደተራመደች ጠሯት። "ሔዋን! ካገኘሻት በእግሯ እንዳታስኬጃት። ስኳር ያዢ። የዚህ ዓይነቶቹ ስኳራቸው ከደማቸው ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። የምትውጥ ከሆነ አጠጪያት፤ ካልሆነ በጎኗ አስተኝተሽ ጉንጯ ውስጥ ቀቢላት።"

የጥናቱን ፒካፕ የሚነዱት ጋሽ ይርዳው ናቸው። ቁልፋቸውን ይዘው ሲወጡ ምንም አልጠየቁም፤ ፊቷን ብቻ አይተው መንዳት ጀመሩ። መናኸሪያው ሲደርሱ የቁይ ሚኒባስ ወጥቷል። ተከተሉት።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ነው። የጮቄ ተራራ ከላይ እስከ ታች በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ዝናቡ አልዘነበም፤ ነፋስም የለም። ከባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አንድ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ሔዋን ስልኳን ደጋግማ ሞከረች፤ ዝም ያለ ነገር ነው።

"ምን አድርጋ ነው እንዲህ የምናሳድዳት?" አሉ ጋሽ ይርዳው በመጨረሻ።

"ታማለች። እሷ ግን አታውቅም።"

ጋሽ ይርዳው አማተቡና ፍጥነት ጨመሩ።

ሚኒባሱን ቁይ መግቢያ ላይ ቆሞ ሰው ሲያራግፍ ደረሱበት። ሹፌሩ የብርጓልን ወዲያው አስታወሳት።

"ያቺ የምትስቀዋ? ወርዳለች እኮ። ስንነሣ ደህና ነበረች፤ መንገድ ላይ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ከዚያ ጸሐዩ አቃጠለኝ፣ አውርደኝ አለች።" ሹፌሩ ወደ ሰማይ ቀና አለ። "ጸሐይ የት አለ? ከነጋ እንዲህ እንደ ዳመነ ነው።"

"የት ጋ ነው የወረደችው?"

"ከኋላ፣ የኪዳነ ምሕረት መገንጠያ ላይ። አንድ የሰፈሯ ሰው 'ቤትሽ እኮ በወዲህ ነው' አላት። አልሰማችውም፤ በዚያ በኩል ቁልቁል ወረደች።"

ተመለሱ። መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁመው በእግር ገቡ። ከግጦሹ ዳር ሣር የምታጭድ ሴት አገኙ። ገና ሳይጠይቋት ማጭዷን ወደ ታች ጠቆመች። "ነጠላዋን ጥላ አለፈች። ብጠራት ዞራ አላየችኝም" አለች፤ አንስታ ያቆየችውን ነጠላ ለሔዋን ሰጠቻት። ነጠላው በላብ ርሷል።

ከጸበሉ ዘንድ ሰዎች ተሰብስበው ከሩቅ ታዩ። ሔዋን ሮጠች።

የብርጓል ጭቃው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ጥርሷ ተነክሷል፤ ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፤ አንድ እጇ በየተወሰነ ጊዜ ንጥር ንጥር ይላል። ሴቶቹ ፈራ ብለው ቆመዋል። "ለክፏት ነው፤ ከበረሃ ነው አሉ የመጣችው፣ የውሃ ዳር ነገር ነው" ትላለች አንዷ። አንድ አረጋዊ ካህን አጠገቧ ተንበርክከው፣ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰዋት፣ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ይጸልያሉ። አባ አካለ ወልድ ይባላሉ፤ የደብሩ አገልጋይ ናቸው።

ሔዋን ምን ብላ እንደምትጀምር ጨነቃት። እንቢ ቢሉስ? ሰዉ ቢቆጣስ?

"አባ፣ ይፍቱኝ። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው የመጣሁት። እሷን ፍለጋ ነው።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ይዟት ነው?"

"ወባ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። አሁን ካልደረስን ትሞታለች።"

አባ አካለ ወልድ መስቀሉን አነሡና ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሩ። "ታዲያ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ጸበሉ የትም አይሄድ፤ ሲሻላት በእግሯ ትመጣለች። አንሡ!"

ሔዋን ስኳሩን በውሃ አርሳ በጣቷ የልጅቱ ጉንጭ ውስጥ ቀባች። ጥርሷ ጣቷን ሊቆርጠው ደረሰ። አራት ሰዎች በጋቢው ተሸክመው መኪናው ድረስ አወጧት። አባም ተከትለው እያዘገሙ ወጡ፤ ጋቢያቸውን አልጠየቁም።

ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ በገመድ ተዘግቶ አገኙት። መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ የኋላውን ወንበር አየ። የልጅቱ ራስ በሔዋን ጭን ላይ ነው።

"ሞታለች እንዴ?"

"አልሞተችም" አለች ሔዋን። ስትናገር ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ እጇን የብርጓል አፍንጫ ሥር አደረገች። ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ነው፤ ረጅም ዳገት እንደሮጠ ሰው። ሰውየው ገመዱን ዝቅ አደረገው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዶክተር አምደሚካኤል ራሳቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ስኳሯን ሲለኩ እንደሌለ የሚቆጠር ሆነ። ግሉኮስ ገባ፣ አርቴሱኔቱ ገባ። አልነቃችም። ሲያንቀጠቅጣት ሰውነቷ ከአልጋው ተነሥቶ ይወድቃል፤ የምትሸናው እንደ ቀይ ወይን የጠቆረ ነው። ዶክተሩ ማሽኑን በሚመለከት ምንም አላሉም። ከሌላ ክፍል ኦክሲጅን ሲያስመጡ ብቻ ሔዋን አጠገብ ቆም ብለው፣ "ከእነዚያ ከኮሪደሩ አስታማሚዎች ከበረሃ የወጡትን ሁሉ መርምሪልኝ። ዛሬውኑ" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት የድረስ አእምሮ ተመለሰ። ደካማ ነው፤ ግን ተደግፎ ተቀምጦ አጥሚት ይጠጣል። ሔዋንን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እህቱ ነው።

"እታለም የት ሄዳ ነው? ትናንት ድምፅዋን ስሰማ ነበር።"

ነገረችው። ጠንከር ያለ ወባ እንደያዛት፣ በሌላው ክፍል እንደተኛች፣ ገና እንዳልነቃች። የአጥሚቱን ኩባያ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"እንዴት ይሆናል? ጤና ኬላው የሰጠን ለሁለታችንም ነበር። ሁለታችንንም እኮ አንድ ቀን ነው የጀመረን። እሷንም ያንቀጠቅጣት ነበር፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። ለየራሳችን ሰጡን።"

"እሷ ወስዳው ነበር?"

"ጨርሻለሁ ብላኛለች።" አቆመ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ሔዋን አየች። "የእኔን... የእኔን አስመለሰኝ። ሁሉንም። ቆይታ ሌላ ሰጠችኝ። ደግሞ በማግሥቱ ሌላ። ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅሁም። ተጨማሪ ሰጥተውን ይሆናል ብዬ..."

ሔዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የሰው ቅኔ ሰምቼ ከሰሙ ሥር ወርቁን አወጣለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ" አለ ድረስ። "ይቺ ግን ከፊቴ ቆማ 'ጨርሻለሁ' ስትለኝ፣ እንዴት እንደጨረሰችው አልገባኝም።" ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተና ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነርሷ ትኩሳቱ የተመለሰበት መስሏት ቴርሞሜትር ይዛ መጣች።

እናታቸው እማሆይ ወለተ ኪዳን መርዶ የመሰለ ወሬ ደርሷቸው ከቁይ መጡ። የመነኮሱ ሴት ናቸው፤ ከአንዱ ልጃቸው አልጋ ወደ ሌላው ሲመላለሱ መቋሚያቸው ሲሚንቶውን ይመታል። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ሔዋን ስታልፍ እጇን ይዘው፣ "ልጄ፣ ደሟ ምን አለሽ?" አሏት።

"ገና ነው እማሆይ። ትናንት በጣም ከፍ ያለ ነበር።"

"ዛሬስ?"

ሔዋን የዚያን ቀን እንደገና ለካች። አልወረደም። በማግሥቱም ለካች። ትንሽ ወርዷል፤ ግን ልጅቷ እንደ ተኛች ናት። እንዲያውም ሽንቷ እየቀነሰ ሄደ፤ ዶክተሩ ኩላሊቷ መሥራት ካልጀመረ ወደ ባሕር ዳር መላክ ሊኖርብን ነው አሉ። መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ ነበር። እማሆይ ይህንን ሰምተው "የፈቀደው ይሁን" ብለው መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠዋት፣ ነርሷ አንሶላ ስትቀይር፣ የብርጓል "ውሃ" አለች። ድምፅዋ የአሮጊት ድምፅ ሆኗል። ቀስ በቀስ ኩላሊቷ ሥራውን ጀመረ። ዓይኗ ሰው መለየት ጀመረ። ግራ እጇ ግን አልጨበጥ አለ፤ ስትናገርም ቃሉ አፏ ላይ እየጠፋ መሀል ላይ ትቆማለች። ዶክተር አምደሚካኤል ለእናትየው ጊዜ ይፈልጋል አሏቸው። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገሯቸውም፤ አያውቁትምና።

ድረስ መቆም እንደቻለ ከአልጋዋ ጎን አልጠፋም። ሔዋን ለመጨረሻ ጊዜ ደም ልትቀዳ ስትገባ ሁለቱን በክርክር ላይ አገኘቻቸው።

"ለምን ሰጠሽኝ? አንቺ ሳትውጪ!"

"ምን... ምኑን?"

"ኪኒኑን ነዋ!"

የብርጓል ግንባሯን አኮማትራ አሰበች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። "አላስታውስም" አለች። "ዳገቱን ስንወጣም አላስታውስም። አንተ... ቃዥተህ ይሆናል።"

ድረስ ሔዋንን አያት፣ እውነቷን ነው ወይ እንደሚል። ሔዋን ክንዷን እያሰረች የልጅቱን ፊት ተመለከተች። ከልቧ ረስታው ይሁን፣ ለእሱ ብላ ልትረሳው ፈልጋ ይሁን፣ ልታውቅ አልቻለችም። ደሙን ቀዳች። እጇ አሁን ሞቋል።

በወጡበት ቀን ጋሽ ይርዳው በፒካፑ እስከ መናኸሪያው አደረሷቸው። ሔዋንም አብራ ሄደች። ድረስ እህቱን በክንዱ ደግፎ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባት፤ እማሆይ ከጎኗ ተቀመጡ። ዶክተር አምደሚካኤል የነገሯቸውን ሔዋን ደግማ ነገረቻቸው፤ ዘንድሮ ማንም ወደ በረሃ እንዳይወርድ፣ ወባው ገና አልበረደምና።

እማሆይ ወለተ ኪዳን ወደ መሬት አዩ። ድረስ የማኅደሩን ጠፍር መነካካት ጀመረ። መልስ የሰጠችው የብርጓል ናት። ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በእርጋታ፣

"ማሽላው... ደርሷል። ያለ እኛ ማን ያጭደዋል?"

ሹፌሩ በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ ድረስም በመስኮቱ በኩል ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ፣ ደረቱን እየነካ፣ በእጁ እንደ ማጨድ እያደረገ ሲያወራ ታየ። እማሆይ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።